የራስን ግብዝነት እንዴት ማወቅና ማረም ይቻላል

ጎንደር ውስጥ ሃይማኖተኛ መስሎ መታየት ከባድ ሥራ አይደለም። የአርባ አራት ታቦት አገር ተብላ በምትጠራ ከተማ፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እስከ መኝታ ቤት በሚሰማበት፣ የማኅበር ጠላና ዳቦ የማይቀመስበት ሳምንት እምብዛም በማይገኝበት ሰፈር ያደገ ሰው፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ መሳለምን፣ ካህን ሲያይ ጎንበስ ብሎ መስቀል መሳምን፣ ዓርብ ቀን ምግብ ሲቀርብለት «የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅን የሚማረው አፉን ከመፍታት ጋር አብሮ ነው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ እኔም አደርጋቸዋለሁ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ምልክቶቹን እንደያዘ፣ ከምልክቶቹ ሥር እምነት መኖር አለመኖሩን ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ነው። የጎረቤትን ግብዝነት ለመለየት አያገለግልም፤ ሲያነቡት የሌላ ሰው ስም በተደጋጋሚ የሚመጣብዎት ከሆነ ንባቡን አቁመው ሌላ ቀን ቢጀምሩት ይሻላል።

በመጀመሪያ ቃሉን በትክክል መያዝ

ስሕተትን ለማረም ስሕተቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል፤ እኛ ደግሞ «ግብዝ» የሚለውን ቃል ያለ ቦታው እንወረውረዋለን። (የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ጠባቂ የሆነው «ቄሰ ገበዝ» ከ«ግብዝ» ጋር የፊደል መመሳሰል እንጂ የሥራ ዝምድና እንደሌለው ማመን እፈልጋለሁ።) በወንጌሉ የግሪክ ጽሑፍ ውስጥ ግብዝ ተብሎ የተተረጎመው ቃል በቴአትር መድረክ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ተላብሶ ለሚጫወት ተዋናይ የሚነገር ነበር። እንግዲህ ግብዝ ማለት ኃጢአት የሠራ ሰው ማለት አይደለም፤ ወድቆ መውደቁን የሚያውቅና የሚናገር ሰው ኃጥእ ቢባል እንጂ ግብዝ አይባልም። ሥርዓት አጥባቂ መሆንም በራሱ ግብዝነት አይደለም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ላይ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ሲገሥጽ ከአዝሙድና ከእንስላል፣ ከከሙንም አሥራት ማውጣታቸውን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን መተዋቸውን ነው፤ ትንሹንም ሳይተዉ ትልቁን ማድረግ ይገባቸው እንደነበር ጨምሮ ነግሯቸዋል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ምሳሌ ነው። ሊጸልይ ወደ መቅደስ የወጣው ፈሪሳዊ አንድም ቃል አልዋሸም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም ነበር፤ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር፤ ቀራጩም በእርግጥ በደለኛ ነበር። ጸሎቱ የተበላሸው ዓይኑን ከእግዚአብሔር አንሥቶ «እንደዚህ ቀራጭ» ሲል፣ ለራሱ የተሰጠውን መለኪያ አዙሮ በሌላ ሰው ላይ በጣለበት ቦታ ነው። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተጻፈ አንድ የክርስቲያኖች ሥርዓት፣ ግብዞች ሰኞና ሐሙስ ስለሚጾሙ እናንተ ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ብሎ ያዝዛል። እኛም እስከ ዛሬ ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን፤ ቁጥሩ ግን ያው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነውና ቀኑን ብንለውጥበትም ፈሪሳዊው ተከትሎን መምጣት አላቃተውም።

ራስን ለመመርመር ብዙ ጥያቄ አያስፈልግም። የአንድ ታዋቂ ምእመን ወይም የአንድ አገልጋይ ውድቀት ሲወራ፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ልብዎ ውስጥ የተሰማዎትን ነገር ሳያልፍ ይያዙት። ሐዘን ከሆነ ደግ ነው። «ድሮም እኮ ብዬ ነበር» የሚያሰኝ ትንሽ ጣፋጭ ነገር ከሆነ ግን ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ሌላው መፈተኛ ብቻ መሆን ነው፤ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ማንም በማያውቅዎት ምግብ ቤት ዓርብ ቀን የሚያዝዙት ምግብ፣ በርዎን ዘግተው የሚጸልዩት ጸሎት ርዝመት፣ ከቤት ሠራተኛዎ በቀር ሌላ ሰው በሌለበት የሚናገሩበት ድምፅ። ከሦስቱ የመጨረሻው ይበልጣል፤ ሠራተኛዋ ስለ እርስዎ እምነት ከንስሐ አባትዎ ይልቅ ብዙ ታውቃለች።

ጾምን ወደ ቦታው መመለስ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሁለተኛው እሑድ ደግሞ ቅድስት ይባላል። በዚያ ዕለት የሚነበበው ወንጌል «ስትጾሙም እንደ ግብዞች አትጠውልጉ» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ነው። ይህን ንባብ በጾሙ መግቢያ ላይ ያስቀመጡ አባቶች ሰውን በደንብ ያውቁት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ጾመኛ መታበይ የሚጀምረው መጀመሪያው ሳምንት አልፎ ሰውነቱ ረኃቡን ሲለምድ ነውና።

በተግባር የሚጠቅመው የመጀመሪያው እርምጃ ሒሳብ ነው። በጾሙ ወራት ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ባለመግዛትዎ የተረፈውን ገንዘብ በየሳምንቱ ቁጭ ብለው ያስሉ፤ ከዚያም ያችኑ ገንዘብ፣ ሳይጨምሩባትና ሳይቀንሱላት፣ ምግብ ለቸገረው ቤት ያድርሱ። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተጽፏል፤ ከጾመኛው ማዕድ የጎደለው ወደ ሌላ ማዕድ ካልሄደ የት እንደገባ ማጣራት ተገቢ ነው። ሒሳቡን ሲሠሩ ምንም ያልተረፈ ሆኖ ካገኙት፣ ይልቁንም የጾም ኬኩ፣ ዓሣው፣ ጭማቂውና የተለያየው ወጥ ከፍስኩ ወጪ በልጦ ከተገኘ፣ ምናልባት የጾሙት ሥጋን ብቻ እንጂ ምቾትን እንዳልሆነ ደብተሩ ይነግርዎታል።

ሁለተኛው አንደበት ነው። በጾሙ ወራት የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዓይንም፣ አንደበትም፣ ጆሮም እንዲጾሙ ያዝዛል፤ እኛ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳንቀምስ የሰው ሥጋ ስንበላ እንውላለን። «ሐሜት እተዋለሁ» ብሎ በደፈናው መወሰን ግን እስከ ማግስቱም አይቆይም። ይልቁንስ ስማቸውን በክፉ አብዝተው ከሚያነሡአቸው ሰዎች አንዱን ይምረጡ፤ ለ55 ቀናት ያንን ስም፣ በመልካምም ቢሆን፣ ከአፍዎ አያውጡ። በመልካምም አያንሡት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ «እግዚአብሔር ይርዳው እንጂ…» ብሎ የሚጀምር ሐሜት በጎንደር ብዙ ነው።

ሕመም ወይም እርግዝና ኖሮ ካህን ፈቅዶልዎት የሚበሉ ከሆነም ሳይደበቁና ሰበብ ሳይደረድሩ ይብሉ። ስለ ጾምዎ የማይጠይቅዎት ሰው ፊት ስለ አለመጾምዎ ማስረዳትም ያው የመድረክ ሥራ ነው።

«አንድም» ማለትን መልመድ

ጎንደር የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት። በጉባኤ ቤት መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል በአንድ መንገድ ከተረጎመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ያመጣል፤ እንደገናም «አንድም» ይላል። አንድን ጥቅስ በአንድ ትርጉም ብቻ ዘግቶ መሄድ የጥራዝ ነጠቅ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ለመጽሐፍ ይህን ያህል ትዕግሥት ያለን ሰዎች የጎረቤታችንን ሥራ ስናይ ግን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘን እንሮጣለን።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰሞነ ሕማማት፣ ከሰፈራችን ሱቅ ፊት ቆሜ ሳለሁ በዕድሜ የምትበልጠኝ አንዲት ጎረቤቴ ሁለት ፓኬት ወተት ገዝታ በነጠላዋ ሸፍና ስትሄድ አየሁ። ቤቷ ውስጥ ሕፃን እንደሌለ አውቃለሁ። በቀጣዩ ወር ማኅበር ላይ፣ ጽዋው ከዞረ በኋላ፣ ወሬ ሲጠፋ፣ ይህንኑ ተናገርኩ፤ ስሟን ሳልጠራ፣ ግን ማን እንደሆነች ሁሉም እንዲያውቅ አድርጌ። ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱም አማተበ። ወሬው በሳምንት ውስጥ እሷ ዘንድ ደረሰ።

ያኔ መናገር የነበረብኝ እንዲህ ነበር፤ ወተቱን የገዛችው ለታመመ ሰው ነው። አንድም እሷው ታማ የንስሐ አባቷ ፈቅደውላታል። አንድም ለፋሲካ አስቀድማ የገዛችው ነው። አንድም ጾሙን ፈታለች፤ ፈታም ከሆነ ስለ እሷ የሚጸልይ እንጂ የሚያወራ ሰው አላስፈለጋትም። የ«አንድም» ትልቁ ጥቅም የመጨረሻው ትርጉም ላይ ነው፤ የከፋው ግምት እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የእኔ ሥራ ምን ሊሆን እንደሚገባ እንድጠይቅ ያስገድደኛል። ስለዚህ አንድ ሰው ላይ ለመፍረድ ሲነሡ ቢያንስ ሦስት «አንድም» ሳይቆጥሩ አፍዎን ላለመክፈት ልማድ ያድርጉ። ከግብፅ በረሃ አባቶች አንዱ የሆነው ሙሴ ጸሊም፣ በአንድ ወንድም ጥፋት ላይ ለመፍረድ በተጠራ ጊዜ፣ የሚያፈስ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ ምንድን ነው ሲሉት ኃጢአቴ በኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው የሌላውን ለመፍረድ መጣሁ አላቸው። ሲሰሙት ያንን ወንድም ይቅር አሉት።

ከእኛ ውጭ ባሉ ሰዎች ፊት

የሃይማኖት ትዕቢት በግል ሲሆን ሐሜት ነው፤ በብዙ ሰው ሲሆን ግን ሥርዓትና ልማድ መስሎ ስለሚቆም ለማየት ያስቸግራል። ከተማችን ራሷ የተመሠረተችው በእምነት ስም ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በሕዝቡ ላይ በግድ ለመጫን ሞክረው፣ ወገን ከወገን ተፋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ያ መከራ ያስተምረናል ቢባል፣ ብዙም ሳይቆይ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሣው የተዋሕዶና የቅባት ክርክር በዚህችው ከተማ የተሰበሰቡት ጉባኤዎች የራሳቸውን ቂም ተክለው አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1668 ደግሞ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ይህን የማነሣው አባቶችን ለመክሰስ አይደለም፤ ግንቡን ለእንግዳ ስናስጎበኝ የምንኮራበት ታሪክ ይህንንም ስለሚጨምር ነው።

የዚያ ዘመን ቅሪት እስከ እኛ ቤት ደርሷል። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃና በሌሎችም መንደሮች ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶቻቸው ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ወንዶቻቸው ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። ክርስቲያኑ በእነሱ ማረሻ ያርሳል፤ የሁዳዴውን ሽሮ በእነሱ ድስት ይቀቅላል፤ የእሑዱን ቡና በእነሱ ጀበና ያፈላል፤ ከዚያም «ቡዳ ናቸው» ብሎ ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ቃሉ ግን አልሄደም፤ ዛሬም ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን ለማራቅ ያገለግላል። እዚህ ላይ የሚደረገው ነገር ግልጽ ነው። ቃሉን በቤትዎ ይከልክሉ፤ አያት የሚተርቱት ተረት ውስጥም ቢመጣ ለልጆቹ ስሕተት መሆኑን ይንገሯቸው። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ሸክላ ሠሪዋን ስሟን ጠይቀው በስሟ ይጥሯት፤ ቤቷ ቡና ብትጋብዝዎ ይጠጡ። ልጃቸውን ለልጅዎ ለማግባት ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ አሁኑኑ፣ ማንም ሳይጠይቅዎት፣ ለራስዎ ይመልሱ፤ ይህ ጥያቄ ከስግደት ቁጥር ይልቅ እምነትዎን ይመዝነዋል።

ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያለው ነገር ከዚህ ይለያል። ጎንደር ውስጥ ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የራሳቸው ሰው ባርኮ የሚያርደው ከብትና ለብቻ የሚሠራበት ዕቃ ያዘጋጃል፤ እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። የሥጋው መለየት ንቀት አይደለም፤ እንዲያውም የሌላውን ሕግ አክብሮ መደገስ ከፍ ያለ ጨዋነት ነው። ንቀት የሚገባው እንግዳው ከሄደ በኋላ ስለ እሱ በምንናገረው ቃል ውስጥ ነው። ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው፤ የሙስሊሞች ሰፈር በሆነው በከተማችን አዲስ ዓለም ያለ ወዳጅዎ በር ሥር ቆሞ ሊሰማው የማይገባ ነገር በማዕድዎ ላይ አይነገር።

ወንጌላውያን ወደ ሆነ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቻችን ጨዋነታችን ያልቃል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ እኔም ተዋሕዶ ነኝና ልዩነቱ የለም አልልም። ነገር ግን በለቅሶ ቤት ከወንድም አጠገብ አለመቀመጥ ዶግማን አያስጠብቅም። በሌላው ወገንም «እነሱ ሥርዓት እንጂ ሕይወት የላቸውም» እያሉ እናታቸውን የሚንቁ ልጆች አሉ፤ የፈሪሳዊው ጸሎት በየትኛውም አዳራሽ ይጸለያል።

ይቅርታንና ንስሐን በስሙ መጥራት

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ዘመን ሲለወጥም እንዲሁ፣ «በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» የሚል መልእክት ስልካችንን ይሞላዋል። አንዱ መልእክት ለሁለት መቶ ሰው ይላካል። ላኪው ንጹሕ ልብ ይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ መልእክት ማንንም አላስታረቀም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ አልተነገረም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ የተጻፈው መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ የሚል ነው፤ «ሂድ» የሚለው ቃል እግርን ይመለከታል። ሲሄዱም «አጥፍቼ ከሆነ» አይበሉ፤ ያጠፉትን ያውቁታል። የተናገሩትን ቃል፣ የተናገሩበትን ቦታ፣ የሰሙትን ሰዎች ይጥቀሱ። ገንዘብ ከሆነ ገንዘቡን ይዘው ይሂዱ። ነገሩ ደም ያለበት ከሆነ ብቻዎን አይሂዱ፤ የአገር ሽማግሌና ካህን ይቅደሙ፤ በእኛ አካባቢ ደም ማድረቅ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በችኮላ የተደረገ ይቅርታ ሌላ ደም እንዳያመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለንስሐ አባትዎ የሚናገሩትንም ይመርምሩ። ብዙዎቻችን «ዓርብ ቀን ረስቼ ወተት ቀምሻለሁ» እንላለን፤ «ሰው ንቄአለሁ» ብሎ የተናዘዘ ግን ጥቂት ነው። የሚቀጥለው ንስሐዎ ከምግብ ሳይሆን ከንቀት ይጀምር፤ የናቁትንም ሰው፣ የናቁበትንም ምክንያት ይናገሩ። የንስሐ አባት ሲመርጡም ሁልጊዜ የሚያመሰግንዎትን አይምረጡ።

ስለ ምጽዋት ብዙ አልልም። ለሕንፃ ማሠሪያ በድምፅ ማጉያ ስም እየተጠራ እልል ሲባል መስጠት ሌላውን ስለሚያነሣሣ ሙሉ በሙሉ አይነቀፍም፤ ነገር ግን በአደባባይ የሰጡትን ያህል በስውር መስጠትን ደንብ ቢያደርጉ ሚዛኑ ይጠበቃል። ለነዳያን ሲሰጡ ፎቶግራፍ አይነሡ።

ግብዞችን መሸሽ ራሱ ሲያስታብይ

ይህን ሁሉ አይቶ «እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» ብሎ ጾሙንም፣ ቅዳሴውንም፣ ማኅበሩንም የተወ ሰው በተለይ ከወጣቶቹ መካከል አለ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ያየው ነገር እውነት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር ልብን የሚያይ ከሆነ ልቡ ውስጥ ምን እንዳየ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ቀና ካሉ በጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ዓይናቸውን ገልጠው ቁልቁል ያያሉ፤ ነጠላውን ለሰው ዓይን የሚያስተካክለውንም፣ ግድግዳውን ተደግፎ በዚያ ሰው የሚስቀውንም እኩል ያዩታል። «አምላኬ ሆይ፣ እንደ እነዚህ ግብዞች ስላላደረግኸኝ» የሚል ጸሎት ቃሉ ቢለወጥም ጸሎተኛው ያው ነው። ሥርዓቱን የተወ ሰው ወደ ሥርዓቱ ሲመለስ የሚጀምርበት ጥሩ ቦታ ማንም የማያውቀው ነገር ነው፤ አንድ ረቡዕ ለማንም ሳይናገር ይጹም፤ አንድ መዝሙረ ዳዊት ሌሊት ይድገም።

የወተቱን ነገር ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያ የሄድኩት ማኅበርተኞቹ ዘንድ ነበር፤ የተናገርኩት ክፉ እንደነበረና ምንም እንደማላውቅ ለእያንዳንዳቸው ነገርኳቸው። አንዱ «እኔ እኮ ድሮም አላመንኩህም» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ «እኔም አይቻታለሁ» ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ፤ እሱን ለማሳመን ከሁሉ ይልቅ ደከምኩ። ከዚያ እሷ ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ በማኅበር ላይ ስምዎን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ግባ እንግዲህ፣ ቡናው ደርሷል» አለችኝ። እስከ በረካው ድረስ ተቀመጥኩ፤ ስለ ሰፈሩ ውኃ፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት ተጨዋወትን። ወተቱ ለማን እንደነበረ አልጠየቅኋትም።